አገውኛ የማን ዘመድ ነው?

ኽምጣኛ ሲሰማ «ይኼ የተበላሸ አማርኛ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከወልድያ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በሰቆጣና በአካባቢው የሚነገረው ይህ ቋንቋ ከአማርኛ የተለየ የራሱ ወገን አለው።

ታዲያ የአንድ ቋንቋ ወገን በምን ይታወቃል? የቃላት መመሳሰል ብቻውን አይበቃም፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይዋሳልና። ኽምጣኛ ከአማርኛና ከትግርኛ ብዙ ቃል ወስዷል፤ በመዋሱ ግን ሴማዊ አይሆንም። አጥኚዎች ይበልጥ የሚያዩት በቀላሉ የማይዋሱትን ነው፤ ይኸውም መሠረታዊ ቃላትን፣ የግሥ እርባታንና ሥርዓት ያለውን የድምፅ ልውውጥ ነው። ለምሳሌ ውሃ በኽምጣኛ «አቍ»፣ በአዊኛ «አጉ» ይባላል። ሦስት በኽምጣኛ «ሻቋ»፣ በአዊኛ «ሹጋ» ነው። አንዱ ዘንድ ቀ ያለው፣ ሌላው ዘንድ ወደ ገ የሚጠጋ ድምፅ ሆኗል። እንዲህ ያለው ልውውጥ በብዙ ቃላት ሲደጋገም የአጋጣሚ ነገር ሊሆን አይችልም።

በዚህ መንገድ የአገው ቋንቋዎች በሁለት ይከፈላሉ።

1ኛ/ ሰሜናዊው ክፍል፦ ብሊን (በኤርትራ፣ ከረን አካባቢ)፣ ኽምጣኛ (በዋግ) እና ቅማንትኛ (በጭልጋ አካባቢ)። የቅማንትኛ ተናጋሪዎች ዛሬ ጥቂት አረጋውያን ብቻ ናቸው።

2ኛ/ ደቡባዊው ክፍል፦ አዊኛ (በእንጅባራና በዳንግላ አካባቢ)።

ሮበርት ሄትዝሮን እ.ኤ.አ. በ1976 ስለነዚህ ቋንቋዎች ሰፊ ጥናት አሳትሟል። ዴቪድ አፕልያርድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 የንጽጽር መዝገበ ቃላት አወጣ።

አራቱ ቋንቋዎች ባንድነት ማዕከላዊ ኩሽ ይባላሉ። ኦሮምኛ፣ አፋርኛና ሶማሊኛ የምሥራቅ ኩሽ ናቸው። ኩሽም በበኩሉ ከሴም፣ ከኦሞ፣ ከበርበር፣ ከጥንታዊ ግብፅና ከቻድ ቋንቋዎች ጋር አፍሮ-እስያ በሚባለው ታላቅ ቤተሰብ ውስጥ ይመደባል። እንግዲህ የናይጄሪያው ሐውሳ፣ የቻድ ቅርንጫፍ በመሆኑ፣ የኽምጣኛ የሩቅ ዘመድ ነው ማለት ነው።

አማርኛም ቢሆን የአገውኛ ውለታ አለበት። ግዕዝ ብዙ ጊዜ ግሡን ያስቀድማል፤ አማርኛ ግን እንደ አገውኛ ወደ መጨረሻ ይወስደዋል። ብዙ ምሁራን ይህ ከኩሽ፣ በተለይም ከአገው ቋንቋዎች የመጣ ነው ይላሉ።

ይህን ማወቅ ለመምህር ምን ይጠቅማል? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መንገድ ከፍቷል። ነገ ተመድበን የምንሄድበት ክፍል ውስጥ አፉን በኽምጣኛ የፈታ ልጅ አማርኛውን ቢያሳስት፣ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ሁለተኛ ቋንቋ እየተማረ ነው እንጂ። ልጁን «ቋንቋህ ብልሹ ነው» ካልነው ግን ገና ሳንጀምር አፉን ዘጋነው ማለት ነው።