ያውቁ ኖሯል? እስስት ከሳህን አትጠጣም

በወልቂጤና በቡታጅራ ጓሮዎች ማለዳ በእንሰት ቅጠል ላይ የሚያብረቀርቀው ጤዛ ለእስስት ከሞላ ሳህን ውኃ ይበልጣል። የቆመ ውኃ እምብዛም አትለይም፤ ዓይኗን የሚስበው የሚንጠባጠብ ጠብታ ነው። በውጭ አገር ቤታቸው የሚያሳድጓት ሰዎች ቅጠሉን በቀን ደጋግመው ውኃ የሚረጩት ለዚሁ ነው።

መኖሪያዋም ከመስታወት ሣጥን ይልቅ ነፋስ የሚያሳልፍ የሽቦ ወንፊት፣ ቅርንጫፍ የሞላበትና ወደ ላይ የረዘመ ቢሆን ይመረጣል። ብቻዋን መኖር ትወዳለች። የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር የሚተካ ልዩ አምፖል ካላገኘች ደግሞ አጥንቷ ይልፈሰፈሳል። አንበጣና ፌንጣ ማቅረብስ ቀላሉ ሥራ ነው።

«እንደ እስስት የሚለዋወጥ» ሲባል ሰው የሚታማበት ቀለሟስ? ከአካባቢዋ ጋር ለመመሳሰል ብቻ አይደለም፤ ቁጣ፣ ፍርሃትና ሙቀትም ይለውጡታል። በ2015 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ምስጢሩ በቆዳዋ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ክሪስታሎች መራራቅና መቀራረብ መሆኑን አሳይተዋል።

የኢትዮጵያን የደጋ እስስት ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤዱዋርድ ሩፔል ነው፤ ዘመኑ 1845 እ.ኤ.አ.። ዛሬ ከአጥር ላይ አንስቶ ባሕር ማሻገር አይቻልም፦ የዱር እንስሳትን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሳይተስ፣ ፈቃድ ይጠይቃል።