የገሳይን ደጋ ዛፍ ያሳጣው ብርዱ ነውን?

ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ የሚያልፍ መንገደኛ ገሳይ ዙሪያ የሚያየው ገብስና ድንች፣ የግጦሽ ሜዳ፣ በየጓሮውም ባሕር ዛፍ ነው። የሀገር ዛፉ የት እንደ ገባ ሲጠይቅ «ደጋ አይደል? ብርዱ አያበቅልም» ይሉታል። ከዚህ አካባቢ የአየር ጠባይ ጋር የተያያዙ ብዙ አባባሎች አሉ፤ እንደዚህኛው ጉዳት ያደረሰ ግን ያለ አይመስለኝም፤ መትከልን ከንቱ ድካም ያስመስላልና።

አንድ ምድር ጫካ፣ የሣር ሜዳ ወይም በረሃ የሚሆነው በዋናነት በሙቀቱ፣ በዝናቡ መጠንና ዝናቡ በሚመጣበት ወቅት ነው። የቻድ ዋና ከተማ ኢንጃሜና ከደብረ ታቦር ጋር በአንድ የኬክሮስ መስመር አካባቢ ትገኛለች፤ ሁለቱም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ናቸው። ኢንጃሜና ከባሕር ጠለል 300 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ስለምትል በሚያዝያ ሙቀቷ 40 ዲግሪ ያልፋል፤ ዙሪያዋም እሾሃማ ቁጥቋጦና ሣር ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ካፖርትና ጋቢ ታስለብሳለች።

«ተራራ ለፀሐይ ስለሚቀርብ መሞቅ ነበረበት» የሚል ሙግት ልጆች ያነሳሉ። ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ሳለ የ4 ኪሎ ሜትር መቅረብ ምንም አይደለም። አየር በአብዛኛው የሚሞቀው ከታች፣ ከመሬት ነው። ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ጫናው ስለሚቀንስ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይወርዳል። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው ገበሬዎቻችን የከፈሉት ይህንኑ ነው፤ ጤፉ የት አብቅቶ ገብሱ የት እንደሚጀምር የሚወስነውም እርሱ ነው።

እንግዲህ ደጋው ዛፍ ይከለክላል? አይከለክልም። የደቡብ ጎንደር ደጋ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል። ይህ ዝናብና ይህ ቅዝቃዜ ሲገናኙ የሚያበቅሉት ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ ነው። ምስክሩ በየቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ቆሟል። ከቅጥሩ ውጭና ውስጥ የሚዘንበው ዝናብ አንድ፣ ብርዱም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ማረሻ፣ መጥረቢያና ከብት ናቸው። በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ ከብት በሚገባበት ደን ችግኝ ለማደግ እንደሚቸገር አሳይተዋል። በብዙ አጸዶች ዙሪያ የድንጋይ ካብ የተሠራውም በዚህ ምክንያት ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ሀገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ራሱ በገሳይ ጓሮ መጽደቁ «ብርዱ አያበቅልም» የሚለውን ያፈርሳል።

ብርዱ በእውነት ዛፍ የሚከለክልበት ቦታ አለ፤ እርሱም ከገሳይ በላይ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ወደሚለው ወደ ጉና ተራራ ሲወጣ ረጃጅሙ ዛፍ ቀርቶ አስታ ይተካል፤ ከዚያም ጓሳና ጅብራ ብቻ ይቀራሉ። እዚያ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ የሚያቃጥል ፀሐይ ነው። ጅብራ የሚኖረው በጥቅጥቅ ቅጠሎቹ መሐል ለጋውን እምቡጥ ስለሚከልል ነው። ጉና ጫፍ ላይ ዝግባ መትከል የድካም ብክነት ነው፤ እዚያ የሚያስፈልገው ጓሳውን መጠበቅ ነው።

ውርጭ በክረምት ይብሳል ብሎ የሚያስብም አይጠፋም። ደመና የመሬትን ሙቀት ይዞ ስለሚያድር የክረምት ሌሊት እንዲያውም ይሻላል። ባቄላውን የሚያጠቁረው ከጥቅምት ወዲህ ያለው ጥርት ያለ ሰማይ ነው።

የመጨረሻው አባባል ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው፦ «ዝናቡ የጠፋው ደኑ ስላለቀ ነው።» የክረምታችን ዝናብ የሚመጣው የዝናብ ቀበቶው ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲወጣ፣ ከአትላንቲክ፣ ከኮንጎ ተፋሰስና ከሕንድ ውቅያኖስ አቅጣጫ እርጥበት እየተጓዘ ነው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሰሜንና የምሥራቅ ኢትዮጵያን ዝናብ ያጎደለው በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ የተፈጠረው ኤል ኒኞ እንጂ በዚያ ዓመት የተቆረጠ ዛፍ አልነበረም። ደን ወደ አየሩ እርጥበት ይመልሳል፤ ትልቁ ሥራው ግን የወረደውን ውሃ መያዝ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተነስተው ጣና ይገባሉ። ተዳፋቱ ሲራቆት ያው ዝናብ በነሐሴ አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል፤ በመጋቢት ምንጩ ይደርቃል።