ማንኪያውና ባጃጁ

ድሬዳዋ ውስጥ ልጅ ሁለት ዓመት ተኩል ሞልቶት ካልተናገረ መጀመሪያ የሚሰማው የአያት ድምፅ ነው፦ «አቦ ተዉት! አባቱም አፉን የፈታው በሦስት ዓመቱ ነው።» ጎረቤት ደግሞ በቋንቋው ታሳብባለች፤ ቤት አማርኛ፣ ደጅ ኦሮምኛ፣ ሱቅ ሶማሊኛ፣ ልጁ ግራ ገብቶት ነው ትላለች። አያትየው አንዳንዴ ይቀናቸዋል። ጎረቤቷ ግን ተሳስታለች፤ ብዙ ቋንቋ መስማት ልጅን ወደኋላ አያስቀርም። ቃላቱን የሚቆጥር ባለሙያም የሦስቱንም ቋንቋ ይደምራል። በአማርኛ ብቻ የመዘነው የልጁን ሲሶ ነው የመዘነው።

በድል ጮራ ሆስፒታልም ሆነ በሌላ፣ ጆሮው መስማቱ ሳይረጋገጥ ወደ ሌላ ጥያቄ አይኬድም። ከዚያ በኋላ፣ ኦቲዝም ነው ወይስ ሌላ የሚለውን ለመለየት፣ የሳይኮቴራፒስቱ ተራ ነው። ሳይኮቴራፒ ሲባል ሶፋ ላይ ተጋድሞ የሚያወራ አዋቂ ይታየን ይሆናል። አፉን ያልፈታ ልጅ ግን የሚያወራው በጨዋታው ነው፤ ባለሙያውም ምንጣፍ ላይ አብሮት ይቀመጣል። ቀጠሮው ጠዋት ቢሆን ይሻላል፤ በድሬ የቀትር ሙቀት እንኳን ሕፃን አዋቂም አይፈተንበትም።

ለልጁ የፕላስቲክ ባጃጅ ይሰጠዋል። አንዱ ልጅ ቆርኪዎችን እንደ ተሳፋሪ ያሳፍራል፣ ሒሳብ ይቀበላል። ሌላው ገልብጦ ጎማውን ያሽከረክራል፣ ደግሞም ያሽከረክራል። ጎማ ማሽከርከር ብቻውን ኦቲዝም አይደለም፤ ያላሽከረከረ ልጅ የት አለና! ባለሙያው የሚጠብቀው ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። ጎማው ሲቆም ቀና ብሎ እናቱን ያያል? «እዪልኝ» ለማለት በጣቱ ይጠቁማል? ዓመት ተኩል የሞላው ልጅ የወደደውን ነገር ለሌላ ሰው በጣቱ ማሳየት ይጠበቅበታል፤ ያ ጣት ሲጠፋ ከቃላት መዘግየት ይልቅ ያሳስባል።

እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ዶናልድ ዊኒኮት ከዚህ ባነሰ ዕቃ ይሠራ ነበር። በ1941 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፉ እንደገለጸው፣ ከ5 እስከ 13 ወር የሆነውን ሕፃን እናቱ ጭን ላይ አስቀምጦ የሚያብረቀርቅ የምላስ መጫኛ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ያኖራል። ሕፃኑ እጁን ይሰድና ቀጥ ይላል፤ የትልልቆቹን ፊት ያያል። ቆይቶ ያነሳዋል፣ አፉ ውስጥ ይከተዋል፣ በመጨረሻም ይወረውረዋል። ዊኒኮት ትኩረቱን የጣለው በዚያች ማመንታት ላይ ነበር። ያችን ማመንታት ለማየት አንድ የሻይ ማንኪያም ይበቃል።

የልጅን እድገት በ125 ተግባራት የሚለካው የአሜሪካው የዴንቨር መፈተኛ ጅማ ላይ ለኢትዮጵያ ልጆች እንዲስማማ ተደርጎ ተሻሽሏል። መፈተኛው ልጁ በምን እንደዘገየ ያሳያል፤ ለምን የሚለው ግን ይቀራል። ለምሳሌ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ የድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። እንዲህ ያለ ሌሊት ያለፈበት ልጅ የነበረውን ቃል ሊያጣ ይችላል፤ በኦቲዝምም አንዳንዱ ልጅ የለመደውን ቃል ያጣል። መለየት የሚቻለው ደጋግሞ በማየት ነው፤ የፈራ ልጅ ፍርሃቱን በጨዋታው ይመላልሰዋል። እናቲቱንም መስማት ያስፈልጋል፤ ማን ያሳድገዋል፣ እንዴት ይተኛል፣ እሷስ እንዴት ሰነበተች?

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ቦታ ቢያጡ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ። ከድሬ እዚያ ድረስ በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ያን ያህል ተጉዞ እንግዳ ክፍል የገባ ልጅ የለመደውን ሁሉ ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ወላጅ ቤት ውስጥ የተቀረጸ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ በስልኩ ይዞ ቢሄድ ይጠቅማል፤ ለምሳሌ ታላቅ ወንድሙ ከትምህርት ቤት ተመልሶ በሩን ሲከፍት ትንሹ ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ።