ቡናን በሰማይ ፍለጋ

ኢትዮጵያ ስም ያወጣችለት ኮከብ አለ። የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ከየአገሩ የቀረቡለትን ስሞች ታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ሲያደርግ፣ እስከዚያ ድረስ ኤችዲ 16175 በሚል ቁጥር ብቻ ይታወቅ የነበረው ኮከብ «ቡና» ተባለ፤ የሚዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል»። በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ስለመጠቀች የስሙ ነገር ብዙም ሳይወራለት አለፈ።

ቡናን በባዶ ዓይን ማየት አይቻልም። ወደ 200 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ የድምቀቱ መለኪያም 7.3 ገደማ ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ኮከቡ ይደበዝዛል። ጨረቃ በሌለችበት ጥርት ባለ ሌሊት እንኳን የሰው ዓይን የሚደርሰው እስከ 6 አካባቢ ነው። በቴሌስኮፕ ግን በቀላሉ ይታያል። ችግሩ ማየቱ ሳይሆን ማግኘቱ ነው፤ በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት አካባቢ እሱን የሚመስሉ ደብዛዛ ነጥቦች ብዙ ናቸው። ቀድሞ አማተር የሰማይ ተመልካች ካርታ ዘርግቶ፣ ከአንዱ ደማቅ ኮከብ ወደ ሌላው እየተሻገረ ነበር የሚፈልገው። ዛሬ ይህን ድካም ኮምፒውተር ያለው ቴሌስኮፕ ይወስድለታል።

በአማተሮች ዘንድ ከሚታወቁት አንዱን፣ ሴለስትሮን ኔክስታር 8 ኤስኢን እንውሰድ። መስተዋቱ 203 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ብርቱካንማው ቱቦ በአንድ ክንድ ላይ ተሰክቷል፤ ሁለት ሞተሮች አንዱ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያንቀሳቅሱታል። የእጅ መቆጣጠሪያው ወደ 40,000 የሚጠጉ የሰማይ አካላትን አድራሻ ይዟል። አንዱን መርጠው «ሂድ» ሲሉት ሞተሮቹ እያጉረመረሙ ቱቦውን ያዞሩታል፤ ሲደርስም ይከተለዋል። መከተሉ የግድ ነው። መሬት በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትሽከረከር ሰማዩ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የጨረቃን ወርድ ያህል ይንሸራተታል። ሞተር የሌለው ቴሌስኮፕ ላይ ሳተርንን አግኝተው «ኑ፣ እዩ!» ብለው ቤተሰቡን ሲጠሩ፣ ሦስተኛው ሰው ዓይኑን ሲያስጠጋ ሳተርን ሄዷል።

ማሽኑ ግን ሰማዩን አያይም። ዓይን የለውም፤ የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው። የት ነኝ? ቀኑ ስንት ነው? ሰዓቱስ? እነዚህን ይጠይቃል፣ ከዚያ ያሰላል። ለእኛ አገር ሰው ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው።

ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው እንበል። መቆጣጠሪያው ላይ 3:00 ብለው ከሞሉ ማሽኑ ሌሊቱ ሊነጋጋ የተቃረበ ይመስለዋል። ለሱ ይህ ሰዓት 21:00 ነው። የስድስት ሰዓት ስሕተት ማለት ደግሞ ሰማዩን በ90 ዲግሪ ማዞር ነው፤ ከፊትዎ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ፎማልሃውት የተባለው ኮከብ በማሽኑ ስሌት ከጠለቀ ቆይቷል። ቀኑም እንዲሁ። ታኅሣሥ አራተኛ ወር ነው ብለው 4 ቢያስገቡ ማሽኑ ኤፕሪል ብሎ ይቀበልዎታል። አሜሪካኖች እንደሚጽፉት ወርን ከቀን አስቀድሞ የሚጠይቅ መሆኑም ሌላ መሰናክል ነው፤ ትክክለኛው 12፣ 21፣ 2025 ነው።

የዓመተ ምሕረቱ ስሕተት ከሁሉም ይበልጥ አሳሳች ነው። 2025 በማለት ፈንታ 2018 ቢሉት ከዋክብቱ ከቦታቸው ፈቀቅ አይሉም፤ ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስላል። ጁፒተርን ሲጠይቁት ግን ባዶ ሰማይ ያሳይዎታል። ጁፒተር ፀሐይን የሚዞረው በ12 ዓመት ገደማ ስለሆነ በሰባት ዓመት ውስጥ ከግማሽ ዙር በላይ ተጉዟል። «ቴሌስኮፑ ተበላሽቷል» ከማለት በፊት ካሌንደሩን ማየት ይበጃል።

ቦታውን በተመለከተ አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነች። በዚህ ምክንያት የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ የሚታየው 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ነው፤ እጅ ዘርግቶ ከሚለካ ጭብጥ ከፍታ አይበልጥም። በእንጦጦ ግርጌ ለሚኖር ሰው ከተራራው ጀርባ ነው። ስለዚህ በሰሜን ኮከብ አስተካክለው የሚተክሉትን ዓይነት ማቆሚያ ለጀማሪ አልመክርም፤ ከላይ የጠቀስኩት ባለ አንድ ክንዱ ይሻላል። በቦታችን በጎ ጎን ደግሞ አውሮፓ ያለ ተመልካች ይቀናል። የሰሜኑን ድብም፣ በደቡብ ያለውን አልፋ ሴንታውሪንም ከአንድ ግቢ የማየት ዕድል አለን። በእንጦጦ አናት፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች መተከላቸውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ ቡናችን እንመለስ። በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ፊትዎን ወደ ሰሜን ቢያዞሩ ቡና 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ከፍተኛው ቦታው ላይ ይሆናል። መጀመሪያ ግን ማሽኑን ሰማዩ ላይ መቆለፍ ያስፈልጋል፤ ባለሙያዎቹ አላይመንት የሚሉት ይህንን ነው። በምሥራቅ በኩል ከፍ ያለውን ቀላ ያለ አልደባራንን፣ በደቡብ ምዕራብ ዝቅ ብሎ ብቻውን የሚያበራውን ፎማልሃውትን ይምረጡ። እያንዳንዱን በዓይን ሌንሱ መካከል ሲያስቀምጡ የመጨረሻዎቹን ንክኪዎች በላይና በቀኝ ቀስቶች ብቻ ይጨርሱ። የሞተሮቹ ጥርሶች ልቅነት በአንድ ወገን ስለሚያዝ ማሽኑ በኋላ አይንገዳገድም። ይህን የዘለለ ሰው ሌሊቱን ሙሉ «ትንሽ ወደ ግራ» ሲል ያድራል።

ቀጥሎ ኤም 34ን ይጥሩ። የከዋክብት ክምችት ነው፤ ወደ 1,500 የብርሃን ዓመት ቢርቅም በዝቅተኛ ማጉሊያ እንደ ተበተነ ጤፍ ተንጣሎ ይታያል፤ ከሌላ ጋር አይምታታም። እሱ ከተገኘ አላይመንቱ ልክ ነው። ቡና ከዚያ ወደ ምዕራብ አንድ ዲግሪ፣ ማለትም ሁለት የጨረቃ ወርድ ያህል፣ ጥቂት ወደ ደቡብም ዝቅ ብሎ ይገኛል። አድራሻውን በቁጥር ያስገቡ፤ ራይት አሴንሽን 2 ሰዓት ከ37 ደቂቃ፣ ዴክሊኔሽን +42 ዲግሪ ከ4 ደቂቃ። ሞተሩ ትንሽ ያጉረመርምና ዝም ይላል። መካከል ላይ ያለችው ነጣ ያለች ነጥብ ቡና ነች። የሚያስደነግጥ ውበት አይጠብቁ። አቦልንም አይፈልጉ፤ ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ ቢከብድም፣ ኮከቡን ለመዞር 1,000 ቀናት ግድም የሚፈጅበት ይህ ፕላኔት የተገኘው የኮከቡን መወዛወዝ ከብርሃኑ በመለካት እንጂ በመታየት አይደለም።

ይህ ሁሉ የሚታክተው ሰው ሌላ አማራጭ አለው። እንደ ሲስታር ኤስ 50 ያሉት፣ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተስፋፉት ትንንሽ ቴሌስኮፖች ሰዓቱንና ቦታውን ከስልክ ይወስዳሉ፤ ሰማዩን ራሳቸው ፎቶ አንስተው የከዋክብቱን አቀማመጥ ከካርታ ጋር በማነጻጸር ቦታቸውን ያውቃሉ። የካሌንደር ጣጣ የለባቸውም። በከተማ መብራት መካከልም ዓይን የማይደርስበትን ኔቡላ በቀለም ያወጡልዎታል። የዓይን ሌንስ ግን የላቸውም፤ የሚያዩት ስክሪን ነው። ለትምህርት ቤት ክበብ እነሱን እመርጣለሁ፤ አርባ ተማሪ በአንድ ጊዜ ያይባቸዋል። ለራሴ ግን ከኮከቡ የተነሣው ብርሃን በቀጥታ ዓይኔ ውስጥ ቢገባልኝ ይሻለኛል።

ለመግዛት ያሰበ ሰው ከተጨማሪ ሌንስ በፊት ጥሩ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይግዛ። ኔክስታሩ የሚጎርሳቸው ስምንት የባትሪ ድንጋዮች ቶሎ ያልቃሉ፤ መብራት የጠፋበት ምሽት ደግሞ ለሰማይ የተመቸ ነው። ማጣሪያ ሳይገጠም ቴሌስኮፕን ወደ ፀሐይ ማዞር ዓይን ያጠፋል፤ ልጆች ባሉበት ቤት ቀን ላይ ተከድኖ ይቀመጥ። ባትሪውን ከሰዓት በፊት ቻርጅ አድርገው፣ ሰዓቱን 21:00 ብለው ሞልተው ታኅሣሥን ይጠብቁ።