ክራይሲስን ይችለዋል ወይ?

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2007 «ክራይሲስ» የተባለው ጌም ሲወጣ፣ የሠራው ክራይቴክ ከትንሿ ኮቡርግ ተነሥቶ ፍራንክፈርት ከገባ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። ኩባንያውን ያቋቋሙት ጄቫት፣ አቭኒና ፋሩክ የርሊ፣ ከቱርክ የመጡ ስደተኞች ልጆች የሆኑ ሦስት ወንድማማቾች ናቸው። ጌማቸው የዘመኑን ኮምፒውተር ሁሉ ስላስጨነቀ፣ «ክራይሲስን ይችለዋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለዓመታት የአዲስ ኮምፒውተር መፈተኛ ሆኖ ቆየ።

ጥያቄው ግን ጎደሎ ነበር፤ በየትኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም? የጌሙ ዝቅተኛ መስፈርት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ባለ 2.8 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 እና 1 ጊጋባይት ራም ይበቃል ሲል፣ ለዊንዶውስ ቪስታ 3.2 ጊጋኸርዝና 1.5 ጊጋባይት ይጠይቅ ነበር። ጌሙ ያው ነው፣ ጭማሪውን የሚፈልገው ቪስታ ነው። የከፍተኛው ምስል ጥራት ደግሞ ዳይሬክት ኤክስ 10 ላለው ለቪስታ ብቻ ተብሎ ተከለለ። ተጫዋቾች የጌሙን ማስተካከያ ፋይል ከፍተው ጥቂት ቁጥሮች ሲቀይሩ፣ ከዚያ ውበት አብዛኛው ኤክስፒ ላይም ብቅ አለ። «ይህ ሲስተም አይችለውም» ሲባል አለመቻሉንና አለመፈቀዱን ለይቶ መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ጌም ከግራፊክስ ካርዱ ጋር በቀጥታ እንደማይነጋገር ማወቅ ያስፈልጋል። በመሀል ቱርጁማን አለ። በዊንዶውስ ዳይሬክት ኤክስ፣ በማክ ሜታል፣ በሊኑክስ ቀድሞ ኦፕን ጂኤል፣ ከ2016 ወዲህ ደግሞ ቩልካን ይህን ሥራ ይሠራሉ። ከእነሱ ሥር የካርዱ አምራች የሚጽፈው ድራይቨር ይመጣል። አንድ ጌም በአንዱ ሲስተም ፈጥኖ በሌላው ቢጎተት፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው።

ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም፦ በ2012 ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ሌፍት ፎር ዴድ 2» የተሰኘ ጌሙን ወደ ሊኑክስ ሲያሻግር፣ መጀመሪያ ያገኘው በሰከንድ 6 ፍሬም (ምስል) ብቻ ነበር። በዚህ ፍጥነት ጌሙ ከመንቀሳቀስ ይልቅ እንደ ፎቶ አልበም ይገለጣል። ባለሙያዎቹ ግን ከግራፊክስ ካርድ አምራቾች ጋር ተቀምጠው ጌሙንም ድራይቨሩንም አስተካከሉ። በዚያው ኮምፒውተር ላይ ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ 315 ፍሬም ሲያወጣ፣ ዊንዶውስ 7 በዳይሬክት ኤክስ 270.6 አወጣ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ሦስተኛው ቁጥር ነው፤ እዚያው ዊንዶውስ ላይ ጌሙ በኦፕን ጂኤል ሲሠራ 303.4 ደረሰ። ዊንዶውስ ሳይነካ ቱርጁማኑ ብቻ ሲቀየር ልዩነቱ አብዛኛው ጠፋ ማለት ነው።

እንዲህ ሁሉንም ጌም አንድ በአንድ ማሻገር ግን አቅም ይጨርሳል። ስለዚህ በ2018 የቫልቭ ፕሮቶን መጣ። ፕሮቶን በ1993 በተጀመረው ዋይን በተባለ ፕሮግራም ላይ የተሠራ ሲሆን፣ ለዊንዶውስ የተጻፈውን ጌም ሳይቀይር ሊኑክስ ላይ ያስነሣል። በውስጡ ያለው ዲኤክስቪኬ የዳይሬክት ኤክስን ትእዛዝ ወደ ቩልካን ይመልሳል። ትርጉም ጊዜ ይፈጃልና ሁልጊዜ ይዘገያል ብሎ መገመት ይቀናል፤ ሁልጊዜ ግን እንዲያ አይደለም። በ2022 «ኤልደን ሪንግ» ሲወጣ ዊንዶውስ ላይ ይቆራረጥ ነበር። በሊኑክስ በሚሠራው ስቲም ዴክ በተባለ የእጅ መጫወቻ ላይ ግን ቫልቭ ችግሩን በፕሮቶን በኩል በቶሎ አቃለለው።

ማክ ላይ ብዙ አልቆይም። አፕል በ2018 ኦፕን ጂኤልን ወደ ጎን አደረገው፤ በ2019 ካታሊና የተባለው የማክ ሲስተም ሲመጣ ደግሞ ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞች በሙሉ መነሣት አቆሙ። አዲሶቹ የአፕል ቺፖች ብርቱ ናቸው፣ ችግሩ የጌም ማነስ ነው። ሊኑክስም የራሱ ግድግዳ አለው፤ እንደ «ቫሎራንት» ያሉ ጌሞች የማጭበርበር መከላከያቸው ዊንዶውስ ሥር ድረስ ስለሚገባ ሊኑክስ ላይ አይሠሩም። እዚያ የፍጥነት ንጽጽር ትርጉም የለውም።

ንጽጽር ስታነቡ አማካዩን ቁጥር ብቻ አትመኑ። በሰከንድ 60 ፍሬም ማለት ለእያንዳንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። አንዱ ፍሬም 100 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ አማካዩ እምብዛም አይነቃነቅም፣ ዓይን ግን ያየዋል። ለእኔ ጥሩ ሲስተም የክፉ ቅጽበቱ ክፋት ያነሰ ነው።

ሌላው የሚደባለቅ ነገር ኔትወርክ ነው። ፍራንክፈርት በ1995 የተመሠረተው የደ-ሲክስ፣ ከዓለም ግዙፍ የኢንተርኔት መገናኛዎች የአንዱ፣ መኖሪያ ናት፤ የብዙ ጌሞች የአውሮፓ ሰርቨርም እዚሁ ነው። ከአዲስ አበባ እስከዚህ በአየር 5,300 ኪሎሜትር ያህል ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ገመዱ እንደ አውሮፕላን ቀጥ ብሎ ቢሄድ እንኳ ደርሶ መልስ ከ50 ሚሊሰከንድ አያንስም። ይህን መዘግየት ዊንዶውስን በሊኑክስ መቀየር አያሳጥረውም።

ከፍራንክፈርት ወደ አገር ቤት በሻንጣ ላፕቶፕ ለሚልክ ወገን ጉዳዩ አሁን ይበልጥ ቀርቧል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አበቃ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያለውን ነው። ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ከዚያ በታች ናቸውና ሊኑክስ መጫን ይታሰባል። ለጌም ከተፈለጉ ግን ጀነሬሽኑን አስቀድሞ ማየት ይበጃል። አዲሱ ዲኤክስቪኬ ቩልካን 1.3 ይጠይቃል፤ የ6ኛው ጀነሬሽን የኢንቴል ግራፊክስ ሊኑክስ ላይ ይህን ያሟላል፣ የ4ኛው ግን አያሟላም። ሁለቱ ላፕቶፖች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ተመሳሳይ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ስለዚህ ከመግዛት በፊት የፕሮሰሰሩን ቁጥር ማንበብ ነው፤ አይ5-4300 የሚል ከሆነ 4ኛ፣ አይ5-6300 ከሆነ 6ኛ ጀነሬሽን ነው።