ያልተላከው ኢሜይል (ክፍል 4)

ባለፈው ሳምንት የት እንደተለያየን አልረሳችሁም። ጊዜው ኤፕሪል 2012 እ.ኤ.አ. ነው። ሰባት ዓመት ሊሞላት ቀናት የቀሯት የሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ታማሚዋ ኤሚሊ ዋይትሄድ በፊላዴልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል ፅኑ ሕሙማን ክፍል፣ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ናት። ትኩሳቷ ከ40 ዲግሪ አልፏል፤ የደም ግፊቷ ወርዷል።

«በቃ፣ ሕክምናው አልሠራም ማለት ነዋ?» አላችሁ አይደል? ቆዩ! ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሕክምናው ሠርቷል፤ ያውም ከልክ በላይ። ከደሟ ተወስደው፣ ጉዳት በማያደርስ የኤች አይ ቪ ቫይረስ ቅሪት አማካይነት አዲስ ዘረመል ተጭኖባቸው የተመለሱት ቲ ሴሎች ጠላታቸውን፣ የሉኪሚያ ሴሎቹን፣ አግኝተዋል። ሲዲ 19 የሚባለውን ምልክት የለበሰ ሴል ባገኙ ቁጥር ይገድላሉ፣ ይባዛሉ፣ እንደገና ይገድላሉ። ልጅቷን የሚያቃጥላት የዚህ ውጊያ እሳት ነው።

ከእሷ በፊት የነበሩትንም አስታውሱ፦ አዋቂዎች ብቻ! በኦገስት 2011 የታተመው የተመራማሪው የካርል ጁን ቡድን ጥናት ዓለምን ያነጋገረው በሦስት ሰዎች ብቻ ነው። ሕፃን ገና አልተሞከረበትም። ኤሚሊ ከሞተች አብሯት የሚቀበረው ምን እንደሆነ ጁን ያውቀዋል።

ስለዚህ ኢሜይል ጻፈ። ለፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ኃላፊ፣ የመጀመሪያዋ ሕፃን ታካሚያችን ልትሞት ነው የሚል። ጽፎ ጨረሰ። አልላከውም።

ሐኪሞቹ መጀመሪያ ስቴሮይድ ሰጧት። ትኩሳቱ ጋብ አለ፤ ተመልሶ አገረሸ። ደሟ ተመረመረ። ውጤቱ ሲመጣ አንድ ቁጥር ከሁሉም ጎልቶ ወጣ፦ ሰውነት ብግነት ሲቀሰቀስ የሚያመነጨው ኢንተርሊውኪን 6 ወደ ሺህ እጥፍ አሻቅቧል። ለመሆኑ ይህን ከካንሰር ጋር ማን ያያይዘዋል? ጁን ግን ስሙን ከቤቱ ያውቀዋል። የገዛ ልጁ የመገጣጠሚያ ብግነት ታማሚ ናት፤ ኢንተርሊውኪን 6ን የሚያግድ ቶሲሊዙማብ የሚባል መድኃኒት ለዚሁ በሽታ መፈቀዱን ሲከታተል ቆይቷል። ለካንሰር ሕክምና መዘዝ ግን ማንም አልሞከረውም።

የኤሚሊ ሐኪም ዶክተር ስቴፈን ግሩፕ መድኃኒቱን ሊሞክር ወሰነ። መድኃኒቱ በደም ሥሯ ገባ።

እዚህ ላይ «ይቀጥላል» ብል ምን ትሉኝ ነበር? አይዟችሁ፣ ዛሬስ አልጨክንባችሁም። በሰዓታት ውስጥ ትኩሳቱ ወረደ። ግፊቷ ተስተካከለ። ሜይ 2 ቀን ኤሚሊ ነቃች፤ ያ ቀን ሰባተኛ ዓመት ልደቷ ነበር። መቅኔዋ ሲመረመር ሉኪሚያው አልተገኘም። ያ ኢሜይልም ሳይላክ ቀረ።

ተነፈሳችሁ? እንግዲህ የደበቅኳችሁን ልንገራችሁ። ቡድኑ በኤፕሪል 2013 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ያሳተመው ጥናት የአንዲት ልጅ ታሪክ አይደለም፤ የሁለት ነው። ሁለተኛዋ የአሥር ዓመት ልጅ ናት። እሷም ታከመች፤ የእሷም ሉኪሚያ ጠፋ። እኔ ይህን ቡድን የማከብረው ቀጥሎ ያለውንም ሳይሸሽግ ስላሳተመ ነው። ዓለም ሊያጨበጭብ የተዘጋጀው ለኤሚሊ ነበር፤ እነሱ ግን ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀመጧቸው።

ሁለት ወር ገደማ አለፈ። የሁለተኛዋ ልጅ ሉኪሚያ ተመለሰ። ሐኪሞቹ ቲ ሴሎቹ ምን ነካቸው ብለው የተመለሱትን የካንሰር ሴሎች መረመሩ። ሴሎቹ ያው የሉኪሚያ ሴሎች ናቸው፤ ነገር ግን ቲ ሴሎቹ የሚለዩበት ያ ሲዲ 19 የሚባል ምልክት ላያቸው ላይ የለም!

ይቀጥላል።