ስብን የሚያግደው የክብደት መቀነሻ ክኒን፦ ኦርሊስታት

ስብ ያለበት ምግብ ሲበሉ ቆሽትዎ ሊፔዝ የተባለ ኢንዛይም ወደ ትንሹ አንጀት ይልካል። ሊፔዝ ስቡን ሰባብሮ ሰውነት እንዲወስደው ያደርጋል። በአሜሪካ “አላይ” በሚል ስም ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጠው ኦርሊስታት ቆሽትን አያስቆምም፤ ሊፔዝን አንጀት ውስጥ ያግደዋል። ስለዚህ ከበሉት ስብ ሩብ ያህሉ ሳይፈጭ በሰገራ ይወጣል።

ቅባት ሲበዛ ሰገራው ዘይት ይመስላል፣ ለመያዝም ያስቸግራል። ደስ አይልም፤ ግን ስብ እንደበዛብዎ ይነግርዎታል። ቅቤ የገባበት ወጥ ብቻ አይደለም፤ ዘይት የበዛበት የጾም ወጥም ያው ነው። ምግቡ ስብ ከሌለው ክኒኑን ይዝለሉት።

ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ አብረው ስለሚቀንሱ መልቲቫይታሚን ማታ ሲተኙ ይውሰዱ። የታይሮይድ መድኃኒት ሌቮታይሮክሲን የሚወስዱ ከሆነ በሁለቱ መካከል ቢያንስ 4 ሰዓት ይቆዩ። ዋርፋሪን የሚወስዱ ወይም የቆሽት ሕመም የነበረባቸው አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። ነፍሰ ጡሮችና ሳይክሎስፖሪን የሚወስዱ ሰዎች አይውሰዱት።

ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ ከጠቆረ ወይም የማይተው ከባድ የሆድ ሕመም ከተሰማዎት ክኒኑን አቁመው ወዲያውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።